ስንሻው፣ ማን ጫነህ?

አያ ስንሻው ማረፉን የሰማሁት ዳንግላ፣ በማስተምርበት አፀደ ሕፃናት ግቢ ውስጥ፣ ልጆቹን ተራ በተራ እጅ ሳስታጥብ ነው። ስልኬ ደጋግሞ ጠራ፤ ባነሳሁት ቁጥር ኔትወርኩ ይቆራርጠዋል። በመጨረሻ የሴት ልጁ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። «አባባ ዐረፈ። ሆዴን ብሎ ተኝቶ ነበር፤ አልተነሣም። ቀብሩ ነገ ነው» አለችኝና መስመሩ ጠፋ። ማስታጠቢያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። አንዲት ሕፃን አረፋ የሞላ እጇን ዘርግታ «ቲቸር፣ ውሃው እኮ!» ስትለኝ ነው ነፍሴ የተመለሰችልኝ።

ስለ አያ ስንሻው ለመናገር መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አፋር ነኝ። ሰው ሲያየኝ እግሬ ይተሳሰራል፤ ስሜ ሲጠራ ጆሮዬ ይግላል። እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ እግዜር አፀደ ሕፃናት መምህር አደረገው፤ ያውም ወንዱን! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ሐሳቤ ፊዚክስ ማስተማር ነበር። ውጤቴ አልደረሰም። ወረዳው የክረምት ሥልጠና ሲያወጣ ሌላው ሁሉ ተይዞ የቀረው ይኸው ብቻ ሆነ። እናቴ «ሥራ አይናቅም፣ ልጄ» አለችኝ። አለችኝ እንጂ፣ ለጎረቤት ስታወራ «ደሴ መምህር ሊሆንልኝ ነው» ትልና የምን መምህር ብለው ሳይጠይቋት ወሬውን ወደ ሽንኩርት ዋጋ ታዞረዋለች። እፍረቱን ከማን ወረስከው ብትሉኝ እንግዲህ ከእሷ ነው።

የክረምት ሥልጠና ማለት በጋውን ሕፃናት ዘንድ እየዋሉ፣ ሐምሌና ነሐሴን ኮሌጅ ገብቶ መማር ነው። የእኛ ኮሌጅ እንጅባራ ነበር። እንጅባራ በሐምሌ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃታል፤ ዝናቡ ጠዋት ይጀምራል፣ ማታ ይደክመዋል፣ በማግስቱ እንደገና። የመጀመሪያው ቀን ጭቃዬን ደጃፉ ላይ አራግፌ ስገባ ክፍሉ በሙሉ ሴት ነው። ሁሉም እኩዮቼ ናቸው። ወደ ኋላ ልመለስ ስል ፊት ወንበር ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው አየሁ፤ ጋቢ ለብሶ፣ ጢሙን አበጥሮ፣ አለንጋ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ የተቀመጠ። ሮጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

መምህርት ራሔል፣ አሠልጣኛችን፣ ገና ወጣት ናት። ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው አለንጋው ላይ ነው።

«አባቴ፣ ይኼ ነገር ምንድን ነው?»

«ልማድ ነው የኔ ልጅ። ፈረሴን ዘመድ ቤት አስሬ ነው የመጣሁ።»

«እዚህ ግን የምንሠለጥነው ሕፃናት ለማስተማር እኮ ነው!»

አለንጋውን አየው፣ እሷን አየ፣ ወጥቶ በረንዳ ላይ አስቀምጦት ተመለሰ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እኔም ሳቄ መጣ፤ ግን ከሱ ይልቅ እኔ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

አያ ስንሻው ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ማዶ ነው አገሩ። በአዊ አገር ፈረሰኛ ምን ያህል እንደሚከበር ለማያውቅ ሰው መንገር ይከብዳል። በጥር በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ፈረሱ ተሸልሞ፣ ሰዉ ግራና ቀኝ ቆሞ እልል ሲል፣ አያ ስንሻው ከፊተኞቹ ተርታ ነበር። መብረቅ የሚባል ጥቁር ፈረስ አለው። የአገሩ ሰው በፈረሱ ስም አባ መብረቅ ይለዋል። እንዲህ ያለ ሰው አፀደ ሕፃናት ምን አመጣው? ራሱ ነው የነገረኝ፤ ሲነግረኝም በራሱ እየተናደደ።

በቀበሌያቸው ትምህርት ቤት ዜሮ ክፍል ሲከፈት ከከተማ አንዲት ልጅ ተላከች። ልጅቱ አዊኛ አታውቅም፤ ሕፃናቱ አማርኛ አያውቁም። እነሱ ያለቅሳሉ፣ እሷም ታለቅሳለች። ወላጆች ልጆቻቸውን ማስቀረት ጀመሩ፤ ክፍሉ ሊዘጋ ሆነ። ስብሰባ ተጠራ። አያ ስንሻው አርፍዶ ደረሰ፤ ከፈረሱ ሳይወርድ፣ ልጓሙን እንደጨበጠ፣ «ለዚህ ነው ይኼ ሁሉ ሕዝብ የተሰበሰበ? ልጅ መያዝ ምን ያቅታል? ሰው ከጠፋ እኔ ስንሻው አስተምራቸዋለሁ!» አለ።

«ፉከራ ነበረ እኮ» አለኝ። «ሰው ሲፎክር ዝም ይባላል። እነሱ አጨበጨቡ! ርእሰ መምህሩ ደግሞ ተሽቀዳድሞ "አያ ስንሻው እኮ ድሮ አሥረኛን ጨርሷል" አይልም? አለቀ።»

«ቀልዴን ነው አትላቸውም ነበር?»

«ፈረስ ላይ ሆነህ በሕዝብ ፊት የተናገርከውን መሬት ስትወርድ አትውጠውም፣ ደሴ።»

አንቱ ስለው ይቆጣ ነበር። «አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ አንድ ድስት በልተን አንቱ ብሎ ነገር የለም» ይላል። አንድ ክፍል ተከራይተን ነበርና ድንች ሲልጥ እንደ ዶሮ መጮህ፣ እንደ በግ «ባ» ማለት ይለማመዳል። የቤቱ ባለቤት እማማ ብቅ ካሉ ግን ድምፁን ወዲያው ወደ ሳል ይቀይረዋል። «ጉንፋኑ አልለቅ አለኝ እማማ» ይላል። እማማም ስንት ጊዜ ጤና አዳም አምጥተውለታል፤ አመስግኖ ይበላዋል።

ዘፈን ይችላል ካላችሁ ደግሞ አይችልም። መምህርት ራሔል እያንዳንዳችን ፊት ወጥተን በጣታችን እየቆጠርን የቁጥር መዝሙር እንድንዘምር አዘዘች። እኔ ጫማዬን እያየሁ አንሾካሾክሁ፤ ከፊተኛው ወንበር ያለፈ የሰማኝ የለም። ተራው የአያ ስንሻው ሆነ። ተነሥቶ ጋቢውን አወለቀ፣ በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለው፣ «ክብሬ እዚህ ትቆየኝ» አለ። ሁልጊዜም ልምምድ ሲኖር እንዲያ ነበር የሚያደርገው። ከዚያ ፊት ለፊት ቆመና ጣቱን ቀስሮ «አንድ!» ብሎ ሲያገሳ ፊት ያለችው ልጅ እስክሪብቶዋን ጣለች። «ሁለት!» ሲል የግቢው ጥበቃ በመስኮት አየን። መምህርት ራሔል ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«አያ ስንሻው፣ ሕፃናት እኮ ናቸው፤ ጠላት አይደሉም!»

ተቀመጠ። ጆሮው ቀልቷል። ወደ ቤት ስንሄድ «አንተም ሳቅህ?» አለ። «ሳቅሁ» አልኩት። «ይሁን። ከኋላዬ ከምትስቅ ከፊቴ መሳቅህ ይሻላል» አለኝ። ተቀይሞኝ ነበር፤ ድንቹን ግን እንደወትሮው ትልቅ ትልቁን ለእኔ ሰጠኝ።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ። ሳስበው ዛሬም ሰውነቴን ላብ ያጠምቀዋል።

ለተግባር ልምምድ የሠፈሩ ሕፃናት ወደ ኮሌጁ ይመጡልን ነበር። የዚያን ቀን ትምህርቱ ስለ ቤት እንስሳት ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነን ነበር የምንሠራው፤ የእኔ ጥንድ አያ ስንሻው ነው። ዶሮውን፣ በጉን፣ ላሙን ሌሎቹ ወስደውት ለእኛ የደረሰን ፈረስ ሆነ። አያ ስንሻው ደስ አለው። «ስለ ፈረስማ ለእኔ ተዉት» ብሎ ስለ ልጓም፣ ስለ ኮርቻ፣ ስለ ሰኮና ማስረዳት ጀመረ። ልጆቹ ወዲያው ሰለቹ። አንዱ አፈር ይጭራል፣ ሌላው የጓደኛውን ፀጉር ይጎትታል። መምህርት ራሔል ከዳር ሆና «ያሳዩአቸው እንጂ አይንገሯቸው» አለች። አያ ስንሻው እኔን አየኝ። እኔ ሰማዩን አየሁ።

ሌላ ምን ያድርግ? ጋቢውን ሰቀለ፣ ወገቡ ላይ ገመድ አሠረ፣ ጫፉን ለእኔ ሰጠኝ፣ እርጥቡ ሣር ላይ በጉልበቱና በእጁ ሆነ። ከዚያ አሽካካ። ፈረስ ሲያሽካካ ዕድሜውን ሙሉ የሰማ ሰው ነውና እውነተኛ ፈረስ የመጣ መሰለኝ። ልጆቹ ምድሩን ቀውጢ አደረጉት። ተራ በተራ ጀርባው ላይ እየወጡ «ቼ! ቼ!» ይሉታል። በመጨረሻ፣ ከመጣች ጀምሮ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ የከረመች አንዲት ትንሽ ልጅ መጣችና እሷም ወጣች። አንገቱን በሁለት እጇ ጥምጥም አድርጋ ያዘችው።

የገበያ ቀን ነበር። የግቢው አጥር የቀርከሃ ነው፤ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ይጋርዳል፣ ለፈረሰኛ ግን ደረቱ ላይ ነው። ከመንገዱ በኩል የሰኮና ድምፅ መጣና ቆመ። ቀና ስል የነአያ ስንሻው አገር ፈረሰኞች ናቸው። ከፊት አያ ቸኮል፣ አለቃቸው፣ በበዓል ከአያ ስንሻው ጎን የሚሰለፉት። ልጓማቸውን ሰብስበው በአጥሩ ላይ አሻግረው አዩ።

«ስንሻው!» አሉ። «ማን ጫነህ?»

ፈረሰኞቹ በሳቅ ፈነዱ። መንገደኛው ሁሉ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ! አያ ስንሻው ቀና አለ። ፊቱ በርበሬ መስሏል፤ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ብድግ ቢል ልጅቱ ትወድቃለች። እጁ ሣሩን ጨምድዶ ይዞ ነበር። ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ። «ምራኝ እንጂ፣ ደሴ!» አለኝ በሹክሹክታ። እግሬ እንቢ አለኝ፤ ገመዱን እንደያዝኩ እንደ ግንድ ቆምኩ። እሱ ራሱ ዞረ። ሰው እየሳቀበት፣ በጉልበቱ እየዳኸ፣ ዙሩን ጨረሰና ዝቅ ብሎ ልጅቱን በቀስታ አወረዳት። ከዚያ የጉልበቱን ጭቃ እንኳ ሳይጠርግ ወደ አጥሩ ሄዶ «እንደምን ዋላችሁ?» አላቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉትና እየሳቁ ወደ ገበያቸው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ ሻንጣውን በገመድ እያሠረ ነው።

«ወዴት ነው?»

«አገሬ። አፈርሁ፣ ደሴ። አፈርሁ! ሬሳዬን ቢያዩት ይሻለኝ ነበር። የእኔ አባት ፈረስ ላይ ሆኖ ነው ያረጀ። እኔን ሰው ተጭኖኝ አዩኝ።» ዕንባው ጢሙ ላይ ወረደ።

እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። እሱ ከሄደ እኔም ለመሄድ ሰበብ አገኘሁ ማለት ነው። የእኔን ሻንጣ ከአልጋው ሥር ጎተትኩት።

«አንተ ደግሞ ወዴት?»

«ከአንተ ጋር ነዋ።»

«አንተን ማን ሳቀብህ?»

«ነገ ይስቁብኛላ!»

ትኩር ብሎ አየኝ። ሻንጣው ላይ ቁጭ አለ። «ብሄድ ያ ያጨበጨበ ሕዝብ ስንሻው ቃሉን በላ ይለኛል። ብቀር ስንሻው ተጫነ ይለኛል። ክፍሉም ይዘጋል። ከሁለቱ የቱ ይቀላል?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። «ቃሉን የበላ ሰው ፈረስ ላይ ቢወጣ ፈረሱ ራሱ ያፍርበታል» አለና ገመዱን ፈታ። «በል ድንቹን ጣድ።»

ያንንም ክረምት፣ ቀጥሎ ያሉትንም ክረምቶች ተማርን፤ ተመረቅን። ነገሩ ግን እንዲሁ አልቀረለትም። በጥር በዓል ላይ ወደ ቦታው ሲሄድ «ፈረሱ መጣ፣ ፈረሰኛውስ?» ይሉታል። ገበያ ላይ «ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» ይሉታል። ማንም አላባረረውም፤ እሱ ራሱ ከፊት ተርታ ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ኋላ ሄደ። ሳገኘው ስለዚህ ነገር ያለኝ «ከኋላ አቧራው ይበዛል» ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠይቄው ነበር። ጠዋት ሕፃናቱ በር ላይ ተኮልኩለው ይጠብቁታል። ከሩቅ ሲያዩት በአዊኛ እየጮሁ ሮጡ፤ አንዱ ጢሙን፣ ሌላዋ ጣቱን ይዘው ጎተቱት። ያ ሊዘጋ የነበረ ክፍል መቀመጫ የለውም፣ ሞልቷል። ቁጥሩን አሁንም እየጮኸ ነው የሚያስቆጥራቸው፤ እነሱም እንደሱ ይጮሃሉ። በዕረፍት ሰዓት «አንተስ ትጫወትላቸዋለህ?» አለኝ።

«ሰው ካለ አልችልም።»

«ሰው በሌለበትማ ማን ያቅተዋል!» ብሎ ሳቀብኝ።

ቀናሁበት። ይኼ ሰው እፍረቱን ጥሎት ሄዷል፤ እኔ ግን ተሸክሜው እሞታለሁ አልኩ። እንዲያ እያልኩ ነው ወደ ዳንግላ የተመለስኩት፤ ወላጅ በር ላይ ሲቆም መዝሙሬን እያቋረጥኩ መኖሬንም ቀጠልኩ።

ለቀብሩ ፈረሰኞቹ ሁሉ መጥተው ነበር። መብረቅ ኮርቻው ላይ ጥቁር ጨርቅ ተጥሎበት፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ በልጓም እየተሳበ ከሬሳው ፊት ሄደ። አልቃሿ በአዊኛ ሙሾ ታወርዳለች፤ እኔ የምሰማው አባ መብረቅ የሚለውን ብቻ ነው። አጠገቤ የቆመው ሰው ተረጎመልኝ፤ ስለ ግልቢያው ነው፣ ስለ አባቱ ነው፣ ስለ ቃል አክባሪነቱ ነው አለኝ። ስለ ሥራው አንድም የተነሣ ነገር የለም። ከጸሎቱ በኋላ አያ ቸኮል ወደ ሰዉ ዞረው በአማርኛ «የሥራ ባልደረባው የሆነ እንግዳ አለ አሉ፤ እስቲ አንድ ቃል ይናገር» አሉ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር ነበር» አልኩ። «ጥሩ መምህር።» ወደ ኋላ ልል ስል ባለቤቱ እትዬ ጥሩዓለም ቀና ብለው አዩኝ። ይጠብቃሉ።

«የሕፃናት መምህር ነበር» አልኩ። «ዜሮ ክፍል። ይዘፍንላቸው ነበር። ይንበረከክላቸው ነበር። በጀርባው ያዝላቸው ነበር። እኔም... እኔም የምሠራው ይኸንኑ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ከት አለ። በቀብር ላይ! ጆሮዬ ነደደ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላስታውስም።

ከቀብር መልስ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ እትዬ ጥሩዓለም ፊት በርከክ አልኩ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። በሰው ፊት አሳፈርኩት መሰለኝ።»

«ማንን? ስንሻውን?» አሉ። ድምፃቸው ድንኳኑን ሞላው። «እሱ መቼ ሳያፍር ሄዶ ያውቃል! ጠዋት ጠዋት መቃኑን ይዞ ይቆማል። "ጥሩዬ፣ ዛሬስ አትሂድ በይኝ" ይለኛል። በዚህ ብርድ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል! እኔ አልለውም። ትንሽ ይቆማል፣ ከዚያ ይሄዳል። እስከ ተኛባት ቀን ድረስ እንዲያው ነው።»

ምን ልበል? ያን ሁሉ ዓመት ለቆት የሄደ መስሎኝ የቀናሁበት ነገር አንድ ቀንም አልለቀቀውም ነበር።

«ታዲያ ለምን ይሄድ ነበር?»

«ልጆቹ በር ላይ ይጠብቁታላ!» አሉኝ፣ እንደ ሞኝ እያዩኝ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ሰኞስ? ሰኞ ልጆቹን ማን ሊቀበልልኝ ነው?»

ያ ሁሉ ፈረሰኛ መሬት መሬት ያያል። አያ ቸኮል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዴ ጀምረው ተዉት። እንደገና ጠረጉ።

«ሰው እስኪተካ ድረስ እኔ እውልላቸዋለሁ» አሉና ማን እንደሚስቅ ዙሪያቸውን አዩ። ማንም አልሳቀም። ወደ እኔ ዞሩ፤ ግንባራቸው አልቦታል። «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ስገባ ምንድን ነው የማደርግ?»

«ዝቅ ይላሉ» አልኳቸው። «ዓይንዎ ከዓይናቸው እኩል እስኪሆን።»

«እንዴት አድርጌ?»

ለቀስተኛው ሁሉ ያየኛል። ፊቴ እንደ ፍም እየጋለ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ድንኳኑ መሃል ተንበረከክሁና «እንዲህ» አልኩ።

አያ ቸኮል ጋቢያቸውን ሰብስበው አጠገቤ ተንበረከኩ።